የአጎቴን ሸሚዝ ለሙዚየም መስጠት ይገባናል?

የካዛንቺስ ልጅ (ጠያቂ)

ካዛንቺስ ፈርሶ ዕቃ ስንጭን፣ ያረፈችው አያቴ ከአልጋዋ ሥር ታኖረው የነበረውን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትነው። በውስጡ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ በዚያው የቀረው አጎቴ ሸሚዝ፣ አያቴ ስንቅ ታመላልስበት የነበረው ምሳ ዕቃና ከሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ ተሰፍቶ የተገኘ ብጣሽ ወረቀት አለ። ዕቃዎቹን የመለሱላት «ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም» ባሏት ዕለት ነው። የሞተበትን ቀን ስላልነገሯት፣ ተዝካሩን ስታወጣ የኖረችው በተወሰደበት ቀን ነበር። ሸሚዙን አንድም ቀን አላጠበችውም።

ወንድሜ መስቀል አደባባይ ለሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እንስጥ ይላል። እናቴ የሟች እኅት ናት፤ «እናቱ ዕድሜ ልኳን ከሰው ዐይን የሸሸገችውን እኔ ለመንገደኛ አላሳይም» ብላ ከአያቴ መቃብር አጠገብ እንዲቀበር ትፈልጋለች። ወሬውን የሰማ አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ደግሞ ዋጋ ጠርቶልናል። ወረቀቱ ላይ አጎቴ «የጠቆሙኝ» ያላቸው የሁለት ሰዎች ስም ሰፍሯል፤ የአንደኛው ልጆች እስከ ትናንት ድረስ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የትኛው ነው ትክክል?

ባለ ግምጃ ቤቱ

በሙዚየም ግምጃ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። በመጀመሪያ ሸሚዙን አትጠቡት፣ አትተኩሱትም። ታጥቦ በደረቀና ቀለም ባልገባው አቡጀዲ ጠቅልላችሁ፣ ከብርሃንና ከላስቲክ አርቃችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ቀጥሎ፣ እናትዎ በሕይወት ሳሉ ዕቃው በማን እጅ፣ በየትኛው በር፣ በምን ቃል እንደተመለሰ ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ ይህ ያልተጻፈለት ሸሚዝ ሙዚየም ቢገባም አሮጌ ሸሚዝ ነው።

መስጠት ሲባል ብዙ ሰው የዘላለም ስጦታ ብቻ ይመስለዋል እንጂ በውሰት ማስቀመጥም ይቻላል። ውሉ ላይ ዕቃው ለእይታ ይቅረብ ወይስ በግምጃ ቤት ብቻ ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሣ ወይስ አይነሣ፣ ቤተሰቡ ሲፈልግ እንዴት ይመለስ የሚለው በግልጽ ይስፈር። የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ የሰው አፅምና የተቀደሱ ዕቃዎች ከእይታ ይነሡ የሚል ጥያቄ ከባለቤቶቹ ማኅበረሰብ ሲቀርብ በፍጥነትና በአክብሮት እንዲስተናገድ ያዛል። ደም የነካው ሸሚዝ በእኔ ግምት ከአፅም ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት ሙዚየም ከአውሽቪትዝ የመጣ የሰለባዎች ፀጉር ሊያሳይ አስቦ ነበር፤ ከሞት የተረፉ ሰዎች «የእናቶቻችን ሊሆን ይችላል» ብለው ስለተቃወሙ በምትኩ ፎቶግራፉን ሰቀለ።

ዕቃ ሰብሳቢውን አሰናብቱት። የሰው መከራ ዋጋ በወጣለት ማግስት፣ ደም የተቀባ የሐሰት ሸሚዝ ገበያ መውጣቱ አይቀርም።

የጠፋ ወንድም እኅት

የባለ ግምጃ ቤቱ ምክር መልካም ነው፤ ሆኖም ደንቡ የተቋሙን እጅ ይገራል እንጂ የቤተሰብን ልብ አያውቅም። በ2002 ዓ.ም. ሙዚየሙ ሲከፈት ሄጄ፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደሩትን የራስ ቅሎች ሳይ ወንድሜ ከመካከላቸው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ቆሜ ቀረሁ። አፅም መሬት ይገባዋል ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ሁለተኛ ስሄድ ያስጎበኘን ሰው ራሱ ታስሮ የተረፈ ነበር፤ ግድግዳውን ከሞሉት ፎቶግራፎች ፊት ቆሞ ሲናገር ቁጣዬ በግማሽ በረደ። በግማሽ ብቻ። ፎቶግራፎቹን ዛሬም እየሄድኩ አያለሁ፤ አፅሞቹ ጋ ስደርስ ግን ፊቴን አዞራለሁ። ካምቦዲያ ውስጥ ቱዎል ስሌንግ በተባለው እስር ቤት ሙዚየም፣ ከራስ ቅሎች የተሠራ የአገሪቱ ካርታ ተሰቅሎ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳወረዱት ሳነብ፣ የተቸገርኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

እናትህን አትጫናት። አያትህ ሸሚዙን ሳታጥብ ያኖረችው ልጄ ይመጣል ብላ ይሆናል፤ ማስረጃ ይሁን ብላም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደነበር ሊነግርህ የሚችለው እናትህ ብቻ ናት።

ጠበቃው

ስለ ወረቀቱ ማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ከሸሚዙ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስ ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ መካከል የራሱ የደርግ ሰነዶች ነበሩ፤ ስለዚህ ወረቀት ኃይል አለው። ነገር ግን የባለሥልጣን ፊርማ ያለበት ትእዛዝና አንድ እስረኛ፣ ምናልባትም ወፌ ላላ ከሚባለው ግርፋት በኋላ፣ በጨለማ የጻፈው ጥርጣሬ እኩል አይመዘኑም። አጎትዎ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ የተጠቀሱት ሰዎችም ቀርበው መልስ አልሰጡም። ስሞቹን አትፋቁ፣ ወረቀቱንም አትቅደዱ፤ ለእይታ ግን አይቅረብ። ታሽጎ፣ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይከፈት በውል ተጽፎ ይቀመጥ።

ሌላው ከዕቃው አጠገብ በሚለጠፈው መግለጫ ላይ የሚጻፈው «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ከዘር ማጥፋት ይቆጥረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አላካተተም። ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያላቸው በአገራችን ሕግ መሠረት ነው፤ ያም ቢሆን በድምፅ ብልጫ እንጂ በአንድ ድምፅ አልነበረም። ይህን ሳያብራራ ቃሉን ብቻ የሚጽፍ ሙዚየም፣ ጎብኚው አጎትዎ በብሔራቸው ተገደሉ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል፤ የተገደሉት ግን ይዘውታል በተባለ አቋም ነው።

የካዛንቺስ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለእናቴ አነበብኩላት። ሸሚዙ ለጊዜው በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ከእሷ ዘንድ ይቆያል፤ ምሳ ዕቃውን በውሰት ለመስጠት ግን ፈቅዳለች። የምታስታውሰውን ቅዳሜ በስልክ እቀዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅላት ትፈልጋለች፦ ምሳ ዕቃው ለእይታ የሚቀመጠው ክዳኑ ተከፍቶ ነው ወይስ ተዘግቶ? አያቴ ሁልጊዜ በነጭ መሐረብ ቋጥራ ነበር የምትወስደው፤ መሐረቡም አለ።