ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ ለገና ማታ ፊልም የት ላስጭን ለምትሉ

ለገና ማታ ብዬ ያስጫንኩትን ፊልም ትናንት ከእማዬ ጋር ለሙከራ ከፈትነው። ለቴሌቪዥን የተሠራ የአሜሪካ የገና የፍቅር ፊልም ነው። በጣም ነው ያናደደኝ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

ታሪኩ የለመድነው ነው። ከትልቅ ከተማ የመጣች ሥራ የበዛባት ልጅ አለች፣ የገና ዛፍ የሚሸጥ ቆንጆ ልጅ አለ። መጨረሻው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል፤ እሱ ችግር የለውም፣ መጨረሻው እየታወቀም የሚያስለቅስ ፊልም አይቻለሁ። እዚህ ግን ሁለቱ አንድም ቀን ቁጭ ብለው የልባቸውን ሳያወሩ መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ። መቼ ተዋደዱ? ልጅቷ ትኩስ ቸኮሌት ነው ተብሎ የያዘችው ኩባያ ባዶ መሆኑ ያስታውቃል፤ እያወራች ታወዛውዘዋለች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። በረዶው መሀል ቆመው ሲያወሩ ከአፋቸው እንፋሎት አይወጣም። እማዬ ያደገችው አርሲ ደጋ ስለሆነ ብርድ ታውቃለች፤ «እነዚህ ልጆች አይበርዳቸውም እንዴ?» አለችኝ። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ፊልሞች ካናዳ ውስጥ በሁለት ሦስት ሳምንት ነው የሚቀረጹት፣ ለወቅቱ እንዲደርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ሙቀት በሆነበት ወቅት፤ በረዶው አረፋና ወረቀት ነው። በመሀል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዲገባ ተብለው የተቆራረጡም ናቸው። ፍላሽ ላይ ማስታወቂያው ስለሌለ በየጥቂት ደቂቃው ወሬው እየተቋረጠ እንደገና ይጀምራል።

ወደ ፊልም መጫኛ ቤቶቹ ልምጣ። ይሄን ያስጫንኩት ፒያሳ ካለ አንድ ቤት ነው። ምርጫው ብዙ ነው፣ ግን ሰልፍ ስላለ ሳያሳዩህ ነው የሚጭኑት። መናኸሪያ አካባቢ ያለው ልጅ ጋ ምርጫው ያነሰ ነው፤ ግን ከመጫኑ በፊት ፊልሙን መሀሉ ላይ ከፍቶ ምስሉንና ድምፁን ያሳይሃል። እኔ ከእንግዲህ እሱ ጋ ነኝ። አቶቴ በኩል ደግሞ የትርጉም ፊልም የሚጭን አለ። ተርጓሚው በላዩ ላይ ስለሚያወራ የተዋናዮቹ ድምፅ ይሸፈናል፣ ለእኔ አይመቸኝም። እማዬ ግን ሰብታይትል አታነብም፤ ባለፈው ከዚያ ቤት ያመጣሁትን ሳታንቀላፋ እስከ መጨረሻው አይታዋለች። ለወላጅ ከሆነ እዚያ ሂዱ። ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ፊልም ሞልቷል፣ ግን በሞባይል ዳታ ሙሉ ፊልም ማየት ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር አትርሱ፣ የፍላሻችሁ ፎርማት (ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር) ፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ይሄን ለልጁ ንገሩት።

አሁን የምፈልገው ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የሚታይ፣ ሰዎቹ የምር የሚዋደዱበት ፊልም ነው፤ ትርጉም ቢሆን ይመረጣል። ያስጫነ ሰው ካለ ቤቱን ይጠቁመኝ፣ እስከ ታኅሣሥ 28 ማታ ጊዜ አለኝ።