ኦዞኑ ይሸታል፣ የኦአርፒ ቁጥሩ ግን አልወጣ አለኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። ቤቴ 400 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ኮራሎችና ሁለት ክላውንፊሽ አሉበት። ውሃው ወይቦ፣ በነጭ ሲኒ ስቀዳው ቀጭን ሻይ ሲመስል የኦዞን ማሽን (ውሃ የሚያጠራ ጋዝ የሚያመነጭ) ከስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው ከሚያወጣው መሣሪያ ጋር አገናኘሁና በሰዓት 40 ሚሊግራም ላይ አደረግሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ኦአርፒው (ውሃው ቆሻሻን ኦክሳይድ የማድረግ አቅሙን የሚያሳየው ልኬት) ከ260 ወደ 330 ሚሊቮልት ወጣ፣ ውሃውም ጥርት አለ። ደስታዬን አልነግራችሁም! ክረምቱ ሲገባ ግን 270 ላይ ወርዶ ቀረ። እርጥብ አየር የኦዞኑን ምርት ስለሚቀንስ የአየር ማድረቂያውን ፍሬዎች አየኋቸው፤ ሰማያዊው ሮዝ ሆኗል። በምድጃ አድርቄ መለስኳቸው፣ ለውጥ የለም። የስኪመሩ ውሃ የሚያልፍበትን ካርቦንም (የማጣሪያ ከሰል) ቀይሬያለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ጠዋት ጠዋት ከስኪመሩ ክዳን ኦዞን መሽተቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። ለጊዜው ማሽኑን አጥፍቼዋለሁ። መጠኑን እንዳልጨምር ደግሞ ኦዞን ከጨው ውሃው ብሮማይድ ጋር ተዋህዶ ኮራሎቹን እንዳይጎዳብኝ እፈራለሁ።

ምናልባት የተበላሸው የኦአርፒ መለኪያው ጫፍ ይሆን? ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ለብሷል። ሳልጎዳው በምን ላጽዳው? የክዳኑን አየርስ በካርቦን ለማሳለፍ እንዴት ብገጥመው ይሻላል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።