«አቢሲኒያን» የሚለውን ምን ብዬ ልተርጉመው?

ሰላም ለሁላችሁም፣ በአማርኛ የምፅፈው የማስተርስ ቴሲስ ላይ አንድ ቃል ላይ ተጣብቄ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስኑክ ሁርግሮንየ የሚባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ ገብቶ አብዱልገፋር ተብሎ ከሰዉ ጋር ወራት ኖሮ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ባሪያ ንግዱ የፃፈውን ነው የምሠራበት፣ ሐጁ ሳይደርስ በነሐሴ አስወጡት እንጂ ገና ብዙ ያይ ነበር። እጄ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው እንግሊዝኛ ትርጉም ነው፣ እሱም የሁለተኛው ቅጽ ብቻ።

መካ ቤቶች ውስጥ ስለነበሩት ከኛ አገር ስለተሸጡ ሴቶች ሲያወራ ሁሉንም «አቢሲኒያን» ይላቸዋል። እሱ ራሱም አንዷን ገዝቶ ቤቱ አስቀምጦ ነበር፣ ስሟን ፈልጌ አጣሁት፣ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ችግሩ እዛ «ሐበሺ» የሚባለው ኦሮሞውም ጉራጌውም ሲዳማውም ነው። መጀመሪያ «ሐበሻ» አልኩት፣ የጅማ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ አንብቦ ዝም አለና «እነዚህ እኮ የኛ ሰፈር ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ። «ኢትዮጵያዊት» ስለው አማካሪዬ ያኔ እንደዛ አይባሉም ብሎ በቀይ ሰረዘው። «ሐበሺያ» ብዬ በአረብኛው ስተወው ደግሞ ያነበቡልኝ ሁለት ሰዎች የአገር ስም መሰላቸው።

የታሪክ ወይም የትርጉም ሥራ የምታውቁ፣ የሴቶቹን ትውልድ ሳይደፈጥጥ የዘመኑንም አጠራር ሳይለቅ አማርኛ አንባቢ የሚገባው የትኛው ቃል ነው?