ያልተወራላቸው ተዋንያንና የተረሱ ፊልሞች

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ጀለሶች፣ ድሮ ተሠርቶ የተረሳ የሀገራችን ፊልም ጠቁሙኝ እስቲ። በዚህ ብርድ ማታ ከቤት መውጣት የለም። ተዋናዩም ያልተወራለት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጣርማበር፦ የዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አይተሃል? በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ከበበ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ልብ በለው፤ እብድ ይሉታል እንጂ ባላባቱን ፊት ለፊት የሚናገረው እሱ ነው፣ እሱን ሆኖ የተጫወተውን ተዋናይ ግን ማንም ሲያነሳው አልሰማም።

አንኮበር፦ ኧረ ይንቀረፈፋል ባክህ! እንቅልፍ ነው የወሰደኝ።

ጣርማበር፦ ጣዕሙ እኮ እሱ ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ይሮጣል እንዴ?

መንዜዋ፦ እኔ «ጤዛ»ን ነው የምለው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ሁሉም ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ ራሱ ስለ ኃይሌ ያወራል። እናትየዋን፣ ታከለች በየነን እዩአት፤ ትወና አትመስልም፣ የሰፈሬ እናት ናት።

አንኮበር፦ በዚህ እንኳን እስማማለሁ።