ደብረ ብርሃን ለመግባት ዋስ እና ቤት ቸገረኝ

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ባለቤቴንና የሰባት ወር ልጃችንን ይዤ ደብረ ብርሃን ልገባ ነው። በልብስ ስፌት ደረጃ 2 ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌያለሁ። የሁለት ወር ኪራይ የሚሆን ብርም አጠራቅመናል።

የጣርማበርን ተራራ ተሻግሬ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ። አንድ ፋብሪካ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ዋስ አምጣ አለኝ። ከተማው ውስጥ ዘመድ የለኝም። ጠባሴ የሚባለው ሰፈር ያገኘሁት አከራይ ደግሞ የሥራ መታወቂያ ካላየሁ አላከራይም አለ። ደላላው ቀብድ ክፈልና እጨርስልሃለሁ ይላል፤ ቤቱን ሳላይ ግን አልከፍልም። ቆላ ለተወለደ ሕፃን የደብረ ብርሃን ብርድ ከባድ ነው፤ ንፋስ የሚያስገባ ክፍል ውስጥ ላስተኛው አልችልም።

እዚህ ሸዋ ሮቢት ዋስ ሊሆነኝ የተስማማ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ፋብሪካዎቹ ከሌላ ከተማ የመጣ ዋስ በደብዳቤ ይቀበላሉ?