«ሰብዓዊ ክብር» ሲባል የትኛው ክብር ነው?

የፒያሳው፦ ትናንት ፒያሳ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። መስኮቱ ላይ «ክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ከፊቴ የነበሩትን ሽማግሌ «አንተ፣ ነገ ና አላልኩህም?» አላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ «ከሰው አልቆጠረኝም» አሉ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 «ሰብዓዊ ክብር» የሚለው ከወረቀቱ «ክቡራን» ጋር አንድ ነው?

የ4 ኪሎው፦ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ያ ሥር ግን ያስቸግራል። በአማርኛ «ከበረ» ማለት ሀብታም ሆነም ማለት ነው፤ «ከበርቴ» የመጣው ከዚሁ ነው። (በደርግ ዘመን «ንዑስ ከበርቴ»፣ ማለትም ትንሽ ባለ ሀብት፣ መባል ምን እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።) «ውርደት» ደግሞ ከ«ወረደ» ነው። ስለዚህ «ክብር» ብቻውን ሲቆም መሰላል አለው፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። «ሰብዓዊ» የሚለው ቅጽል መሰላሉን ለማንሳት የገባ ይመስለኛል። ሰብእ በግእዝ ሰው ነውና፣ ሰው መሆን ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም የሰው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ በክብር እኩል ነው ይላል። ሲወለድ! ሳይሾም፣ ሳይከብር።

የልደታው፦ ወንድሜ፣ አንቀጽ 24ን እስከ መጨረሻው አንብበው። «ሰብዓዊ ክብር» እና «መልካም ስም» ለየብቻ ተጠቅሰዋል። ልደታ ችሎት ስውል ይህ ልዩነት ይታየኛል። በስርቆት የተፈረደበት ሰው ስሙ ይጎድፋል፤ አንቀጽ 21 ግን እሱም በእስር ቤት ሰብዓዊ ክብሩ በተጠበቀበት ሁኔታ እንዲያዝ ያዝዛል። ፍርዱ ነጻነቱን ይወስዳል እንጂ ሰውነቱን አይወስድም። ይህ ካልተያዘ ቅጣቱ ቂም መወጫ ይሆናል።

የ4 ኪሎው፦ «ሰውነት» አሉ? ሰው መሆን ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ሁሉም ገላ ብሎ ነው የሚረዳው። የሚያሳዝን ኪሳራ ነው።

የፒያሳው፦ እኔ አሁንም ከሽማግሌው አነጋገር አልወጣሁም። «አንቱ» አለመባላቸው የዕድሜ ክብራቸውን ነካ፤ ይህ የባህል ጉዳይ ነው። ባለ ጉዳዩ የሃያ ዓመት ልጅ ቢሆን «አንተ» ባላስከፋው። ቀና ተብሎ ሳይታይ «ነገ ና» መባል ግን ልጁንም ከሰው ያወጣዋል። ደግሞ ቃሉን ልብ በሉት፤ «አላከበረኝም» አላሉም፣ «አልቆጠረኝም» ነው ያሉት። ከፍ አድርገኝ ሳይሆን ቁጥር ውስጥ አስገባኝ ነው። ሕጉን በአማርኛ ሲጽፉ ይህን አነጋገር ቢያስቡት ኖሮ እላለሁ።

ወረቀቱ ዛሬም አለ። «ክቡራን» የምትለው ቃል ላይ ማኅተም አርፎባታል።