የፈውስ አስማትን የት ልመድበው?

ሰላም፣ እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። ለጓደኞቼ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባሕሪ እየያዙ የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ የማጫውተው እኔ ነኝ። የራሳችንን ሕግ እየጻፍን ፈውስ ላይ ስንደርስ ተቸገርን።

ቁስል የሚፈውሰው አስማት በድሮዎቹ የጨዋታው እትሞች ኔክሮማንሲ በሚባለው የአስማት ምድብ ነበር፤ ማለትም ከሕይወትና ከሞት ኃይል ጋር። እ.ኤ.አ. በ2000 እትም ኮንጁሬሽን (ከሌላ ቦታ የመጥራት አስማት) ሆነ። በ2014 ኢቮኬሽን (ኃይል የመልቀቅ አስማት)፣ በ2024 ደግሞ ከመከላከያው አስማት ጋር አብጁሬሽን ውስጥ ገባ። ሙት ማስነሳት ግን በ2024ቱም ኔክሮማንሲ ነው!

እኔ ወደ ድሮው አደላለሁ። ቁስል መዝጋትና ሙት ማስነሳት አንድ ዘር ናቸው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ፣ አንዷ ተጫዋቻችን የያዘችው ገጸ ባሕሪ ካህን ናት፤ አምላኳ ደግሞ ኔክሮማንሲ ከልክሏታል። ፈውሱን እዚያ ካስገባሁት ዋና ሥራዋን ነጠቅኳት ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ምድቡን ኃይሉ ከየት መጣ በሚለው ልለይ ወይስ ምን ሠራ በሚለው? ሁለት ቦታ ብከፍለውስ ጨዋታው ይበላሻል? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።